የሸሚዝ ቁልፍና የአንገት ቀዶ ጥገና

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱ ስለ አንገት ናቸው። ዛሬ እነሱን ላንሳ።

አባቴ 62 ዓመታቸው ነው። ህብለ ሰረሰራቸው አንገት ላይ ክፉኛ ተጨፍልቋል ተባልን። ቀዶ ጥገና ቢሠራላቸው እንደ ድሮው ይሆናሉ? (ደሴ፣ ፒያሳ)

«እንደ ድሮው» ለማለት ይከብደኛል። ህብለ ሰረሰር ከአንጎል በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ ነው። ሐኪሞች የእጅን፣ የእግርን፣ የስሜትንና ሽንት የመቆጣጠርን አቅም አይተው ከ18 ነጥብ ይሰጣሉ። 11ና ከዚያ በታች ከባድ ይባላል። የሚገርመው፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ብዙ ነጥብ የሚጨምሩት እነዚሁ ከባዶቹ ናቸው። ግን ከታች ስለሚነሱ አብዛኞቹ 18 አይሞሉም። የቀዶ ጥገናው ዋና ሥራ ጫናውን አንስቶ መባባሱን ማስቆም ነው፤ የተመለሰው ትርፍ ነው። ደግሞ በቆየ ቁጥር የሚመለሰው ያንሳል፤ ስለዚህ «እስቲ ከበዓሉ በኋላ» አትበሉ።

ነጥቡን ተዉትና ጠዋት ሸሚዛቸውን ሲቆልፉ እዩአቸው። አሁን አምስቱን ቁልፍ እስኪጨርሱ ሻዩ ይቀዘቅዝ ይሆናል። ከወራት በኋላ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ከጨረሱ እኔ ትልቅ ለውጥ እለዋለሁ። አብዛኛው መሻሻል የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው።

እናቴ እጇ ይደነዝዛል፣ ስትራመድ ትንገዳገዳለች። ጎረቤት ወጌሻ ዘንድ ውሰጃት ይለኛል። (ኮምቦልቻ)

እባክሽ እንዳታደርጊው! ወጌሻን ንቄ አይደለም። ግን የእናትሽ ምልክቶች ህብለ ሰረሰር ሲጫን የሚታዩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ህብለ ሰረሰሩ የተጫነበትን አንገት መጠምዘዝ እጅና እግርን ሊያሽመደምድ ይችላል። «ነርቭ ነው» ተብሎ የቫይታሚን መርፌ ብቻ እየተወጉ መክረምም ያው ጊዜ ማባከን ነው። የቫይታሚን እጥረት ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያመጣ ይመርመር፤ ጎን ለጎን ግን ስለ አንገት ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳይ ምርመራ) ሐኪሙን ጠይቂ።

ቀዶ ጥገናው ራሱ ሽባ አያደርግም? (ደሴ፣ አራዳ)

ይደርሳል፤ ግን ብዙ ጊዜ አይደለም። ክንድ ማንሳት የሚያቅታቸው አሉ፤ አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ይሻላቸዋል። በአንገት ፊት በኩል ከተሠራ መዋጥ ሊያስቸግር፣ ድምፅም ሊጎረንን ይችላል። ሲጋራ የምታጨስ ከሆነ ዛሬውኑ ተው፤ በቀዶ ጥገናው የተያያዘው አጥንት እንዳይገጥም ሊያደርግ ይችላል።

አዲስ አበባ ተሠርቼ ደሴ መቼ ልመለስ? (ደሴ)

ቀኑን የሠራህ ሐኪም ይንገርህ። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና የፊት ወንበር ያዝ፣ ቀበቶህን እሰር፣ እየወረድክ እግርህን አፍታታ። ኮምቦልቻ ስትደርስ ደግሞ ቀስ ብሎ እንዲነዳ ሾፌሩን ቀድመህ ለምነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ጥምዝምዝ መንገድ እንኳን የተሰፋ አንገት ጤነኛውም አይችለው።