«እናት ሆነሽ ከጎረምሶች ጋር?»

ጥያቄ፦

«28 ዓመቴ ነው፤ አንድ የግል ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ባለትዳር ነኝ፤ ሁለት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አለችን። በ2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ስኬትቦርድ (ባለ ጎማ ሰሌዳ) የሚነዱ ሴቶች መሰባሰብ ሲጀምሩ የመጨረሻ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ጓደኛዬን ተከትዬ ሄጄ በዚያው ቀረሁ። ባለቤቴ ገና ስንተዋወቅ ጀምሮ ስኬትቦርድ እንደምነዳ ያውቃል፤ ያኔ ቪዲዮ ሁሉ ይቀርጸኝ ነበር። ከወለድኩ በኋላ ከዓመት በላይ አልነካሁትም። ልመለስ ስል ግን ‹እናት ሆነሽ ከጎረምሶች ጋር?› አለኝ። አማቴም ሰምተው ‹ሰው ምን ይላል› ብለው ተቆጡ። ጭቅጭቁን ስለፈራሁ ቦርዱን እናቴ ቤት አስቀመጥኩት። ቅዳሜ ከሰዓት ልጅቷን አያቷ ጋ ልውሰዳት ብዬ እወጣና ለእናቴ ትቻት እሄዳለሁ። በቅርቡ ወድቄ የእጄ አንጓ ተሰነጠቀ። ለባለቤቴ የቤታችን ደረጃ አዳልጦኝ ነው አልኩት። በማግስቱ ደረጃው ላይ የነበረውን ምንጣፍ አንስቶ ጣለው። አሁን ጀሶው ተፈቷል፣ እጄም ድኗል። ብተወው ራሴን የጣልኩ ይመስለኛል፤ ስሄድ ደግሞ ከልጄ የሰረቅኩ ይመስለኛል። እሱ እሑድ እሑድ ጠዋት ጤና ቡድን ሄዶ ኳስ ይጫወታል፤ ማንም ምንም አይለውም። ምን ላድርግ?»

መልስ፦

እህቴ፣ የጠየቅሽኝን ሳላዞር ልመልስልሽ። ስኬትቦርድሽን አትተዪ። እናት መሆንም ሠራተኛ መሆንም ይህን ተዪ አይልሽም። አሁን በያዝሽው አኳኋን ግን አትቀጥዪ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ምንጣፉ ነው። ባለቤትሽ ሚስቱ ዳግም እንዳትወድቅ ብሎ ማንም ሳያዘው ጎንበስ ብሎ ምንጣፉን አነሳ። ደረጃውን በወጣሽ በወረድሽ ቁጥር ባዶውን ቦታ እያየሽ ምን እንደሚሰማሽ አልጻፍሽልኝም፤ ግን ጉዳዩን ልትጽፊልኝ መምረጥሽ በራሱ ነገረኝ። ይህ ሰው አንቺን ለመቆጣጠር ብቻ የሚናገር ሰው አይመስለኝም። የሚፈራልሽ ሰው ነው። ፍርሃቱን የሚገልጽበት አፍ ግን ሻካራ ነው።

ውሸቱ አንቺ ላይ ብቻ አልቆመም። እናትሽ ልጃቸው አጥንቷን እንደምትሰብር እያወቁ ለአማቻቸው ዝም እንዲሉ ሆነዋል። ያ ለአንዲት እናት ከባድ ሸክም ነው፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር የሚደነግጡ ይመስለኛል። ልጅሽ ደግሞ አፏን እየፈታች ነው። ነገ ከነገ ወዲያ እራት ላይ «ማሚ ቦርድ» ትላለች፤ ያን ጊዜ ባለቤትሽ ነገሩን ከአንቺ ሳይሆን ከሁለት ዓመት ሕፃን አፍ ይሰማዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው በእንዲህ ያለው ነው። ካንቺ አፍ ቀድሞ ቢሰማው ይሻላል።

አሁን ወደ ቦርዱ ልምጣ። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮበርት ቫለራንድና ባልደረቦቹ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰው አጥብቆ ለሚወደው ሥራ ወይም ጨዋታ ያለውን ስሜት በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ከቀረው ኑሮ ጋር ተስማምቶ ይኖራል፤ ሰውየው በፈለገ ጊዜ ይጀምረዋል፣ ልጅ ሲታመም ወይም ለቅሶ ሲመጣ ያለ ብዙ ስቃይ ይተወዋል፣ ሲመለስ ደግሞ ደስ ብሎት ይመለሳል። ሁለተኛው ሰውየውን ይገዛዋል። አስፈላጊ ነገር ጥሎ ይሄዳል፣ ሲጫወት ይጨነቃል፣ ካልተጫወተ ቤቱ ውስጥ ሰላም ያጣል፣ ተጎድቶም አያርፍም።

አንቺ ወልደሽ ከዓመት በላይ አርፈሻል፤ ያም አላጠፋሽም፣ ፍቅሩም አልጠፋም። ይህ የመጀመሪያው ዓይነት ምልክት ነው፤ ያስደስተኛል። የሚያሳስበኝ አሁን ያለሽበት ሁኔታ ወደ ሁለተኛው እየገፋሽ መሆኑ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እናትሽ ቤት ደርሰሽ፣ ልጅቷን አስረክበሽ፣ ሩጠሽ ሄደሽ፣ ስልክሽን እያየሽ፣ ሳይመሽ ልመለስ እያልሽ ስትጫወቺ ሰውነትሽን ሳታሟሙቂ ትጀምሪያለሽ። ሰዓቱ ስለማይበቃ «አንዴ ብቻ ልሞክር» ትያለሽ። ቦርድ ላይ የሚቸኩል ሰው ደግሞ ይወድቃል። አንጓሽ እንዴት እንደተሰነጠቀ ባላይም፣ መደበቁ በአደጋው ውስጥ እጁ እንዳለበት እጠረጥራለሁ። ይህን ራስሽ ታውቂዋለሽ፤ ያን ቀን ቸኩለሽ ነበር ወይ?

«ከልጄ የሰረቅኩ ይመስለኛል» ያልሽውን ግን አልቀበልም። ልጅሽ በዚያ ሰዓት ከሚወዷት አያቷ ጋር ናት። የሁለት ዓመት ልጅ የሚያስፈልጋት ሄዳ የምትመለስ፣ ስትመለስም ከእሷ ጋር ለመሆን አቅም ያላት እናት ናት። ሙሉ ቀን አጠገቧ ተቀምጣ ሐሳቧ ሌላ ቦታ የሆነ እናት ለልጅም ትከብዳለች።

ሐሳብሽ የት እንደሚውል ደግሞ እገምታለሁ። አሊሰን ዳሚንገር የተባሉ የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪ አሜሪካ ውስጥ 35 ጥንዶችን አነጋግረው በ2019 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። የቤት ሥራ ማለት ማጠብና ማብሰል ብቻ አይደለም፤ ምን እንደሚጎድል አስቀድሞ ማሰብ፣ መፍትሔ መፈለግ፣ መወሰን፣ ከዚያም መሆን አለመሆኑን መከታተል ራሱን የቻለ ሥራ ነው ይላሉ። ባልና ሚስት ውሳኔውን አብረው ቢወስኑም አስቀድሞ የማሰቡና የመከታተሉ ሸክም በአብዛኛው ሴቷ ላይ ወድቆ አግኝተውታል። ጥናቱ የአሜሪካ ይሁን እንጂ የእኛንም ቤት ታውቂዋለሽ። ዘይት እያለቀ ነው፣ የክትባት ቀን ደርሷል፣ ሠራተኛዋ ለበዓል አገር ቤት ልሂድ ብላለች፣ ለልጅቷ መዋያ መቼ እንመዝግብ፣ የአማት የጸበል ጠዲቅ ቀን ነው። ባንክ መስኮት ላይ ቆመሽ የሰው ገንዘብ እየቆጠርሽ እንኳ ይህ ሁሉ ከኋላ ይሮጣል። ሶፋ ላይ መቀመጥም አያስቆመውም።

ቦርዱ ግን ያስቆመዋል። ቦርድ ላይ ቆመሽ ስለ ዘይት ልታስቢ አትችዪም፤ ካሰብሽ ትወድቂያለሽ። እግርሽ፣ ጎማው፣ ከፊትሽ ያለው ሲሚንቶ ብቻ ናቸው ያሉት። አእምሮ እንዲህ ሙሉ በሙሉ የሚያርፍበት ነገር ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው። አንድ ኦሊ (ከነቦርዱ ወደ ላይ መዝለል) እስኪሳካ ብዙ ጊዜ እየወደቁ መነሳትም በሥራ ቦታ ስህተት የማይፈቀድለትን ሰው እንዴት እንደሚያበረታ ለምክር ከሚመጡልኝ ሰዎች ሰምቻለሁ። ስለዚህ ራሴን የጣልኩ ይመስለኛል ማለትሽ ቅብጠት አይደለም።

የባለቤትሽንና የአማትሽን ቃል ለሁለት ክፈዪው። ብትጎጂስ የሚለው ፍርሃትና ሰው ምን ይላል የሚለው ሐፍረት አብረው መጥተውብሻል፤ መልሳቸው ግን የተለያየ ነው።

ፍርሃቱ ትክክል ነው፤ አክብሪው። ጀሶ ያሰረች እናት ልጅ ማጠብም ማቀፍም ይቸግራታል፤ ያን ሁሉ የሠራው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ስትቀርቢው ባዶ እጅሽን አትቅረቢ። ሄልሜትና የአንጓ መከላከያ ሳታደርጊ ቦርድ ላይ እንደማትወጪ ቃል ግቢለት። ሲወድቁ እጅን ዘርግቶ መሬት መደገፍ አንጓን ይሰብራል፤ ጉልበት አጥፎ በትከሻ ተንከባሎ መውደቅን ሣር ላይ እንደገና ተለማመጂ። ዕቃው እዚህ አገር እንደልብ አይገኝም፤ ቦርዱም ኩሽኔታውም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከውጭ በሚገባ ሰው ሻንጣ ነው። ቢሆንም መከላከያው እስኪመጣልሽ ጠብቂ። የብስክሌት ሄልሜት ካገኘሽ ከባዶ ጭንቅላት በብዙ ይሻላል፤ የስኬትቦርዱ ግን የጭንቅላትን የኋላ ክፍል ይበልጥ ስለሚሸፍን እሱን ፈልጊ። ደረጃ መዝለሉን ለሃያ ዓመት ልጆች ተዪላቸው። ሜዳው ላይ፣ ዝቅተኛ ራምፕ (ተዳፋት መወጣጫ) ላይ የሚሠራ ብዙ አለ። በ2008 ዓ.ም. ከልዩ ልዩ አገር የመጡ በጎ ፈቃደኞች ከአገሬው ልጆች ጋር የሠሩት የአዲስ አበባው ስኬት ፓርክ ለዚህ ከመንገድ ይሻልሻል፤ መኪና የለበትም።

ዕድሜሽ አልፏል ለሚልሽ ደግሞ ይህን ንገሪው። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ አንዲ ማክዶናልድ ለብሪታንያ በስኬትቦርድ ሲወዳደር 51 ዓመቱ ነበር፤ ደቡብ አፍሪካዊው ዳላስ ኦበርሆልዘርም 49። አንቺ ኦሊምፒክ አላልሽም፤ በሳምንት አንድ ቀን ነው ያልሽው።

ሐፍረቱ ሌላ ነገር ነው። ጤና ቡድን ማንንም የማያሳፍረው ሰፈሩ ለዘመናት ስላየው ነው። የአርባ ዓመት ሰው ቁምጣ ለብሶ ኳስ ሲያሳድድ፣ ጉልበቱን አስሮ ሲያነክስ «እግዜር ይማርህ» ተብሎ ያልፋል። አንዲት እናት ሲሚንቶ ላይ ብትንሸራተት ግን ሰው ቆሞ ያያል። ይህ ፍትሐዊ አይደለም፤ እኔም አንቺም ይህን አንደባብቀው። ግን ፍትሐዊ አለመሆኑን በንዴት ስትነግሪው የሚሰማው ኳሱን ልትነጥቂው እንደሆነ ነው። ይልቅ ጤና ቡድን በቤታችሁ ለምን ሰላም እንዳገኘ አስተውዪ። ቀኑና ሰዓቱ ይታወቃል፣ ከማን ጋር እንደሆነ ይታወቃል፣ ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ይታወቃል። የአንቺም እንዲሁ ይሁን። እሑድ ጠዋት የእሱ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት የአንቺ ይሁን፤ ልጅቷን ይዞ የሚውለውም አባቷ ይሁን እንጂ ሁልጊዜ አያቷ አይሁኑ። ይህን አጥብቄ የምለው ለልጅቷም ለአባቷም ስለሚጠቅም ነው።

ለሐፍረት ትልቁ መድኃኒት ማየት ነው። ያኔ ቪዲዮ ሲቀርጽሽ አላፈረብሽም። የአዲስ አበባ ልጅ ከሆነ ደግሞ ምናልባት እሱም በልጅነቱ ከእንጨትና ከኩሽኔታ የተሠራ ጋሪ ላይ ተቀምጦ ቁልቁለት ሲወርድ ጉልበቱን ልጧል፤ ጠይቂው፣ ያጫውትሽ። በ2011 ዓ.ም. እንደተጀመረው «መንገድ ለሰው» ያለ፣ መንገድ ለመኪና የሚዘጋበት ቀን ሲገኝ ሦስታችሁም አስፋልቱ ላይ ውጡ። ልጅቷ ቦርዱ ላይ ትቀመጥ፣ አባቷ እጇን ይያዝ። ከጎረምሶች ጋር ያለው ቦታ ምን እንደሚመስል ባላየ ጊዜ ነው የሚከፋው።

አማትሽን የማስረዳቱን ሥራ ለልጃቸው ተይለት። አንቺ እሳቸው ፊት ብትከራከሪ የምራትና የአማት ጠብ ይሆናል። እሱ «እማዬ፣ እኔ አውቃለሁ፣ እኔም ተስማምቻለሁ» ካለ ግን ብዙ ይበርዳል። ይህን እንዲል መጀመሪያ እሱ ራሱ መስማማት አለበት።

እንግዲህ ስለ ንግግሩ። ማታ ከታክሲ ሰልፍ ደክማችሁ በገባችሁበት ሰዓት አታንሺው። ልጅቷ የተኛችበት የዕረፍት ቀን ይሁን። መጀመሪያ ስለ ቦርዱ ሳይሆን ስለ ደረጃው ተናገሪ፦ «እጄ የተሰነጠቀው ደረጃ ላይ አይደለም። ቦርድ ላይ ወድቄ ነው፤ ፈርቼ ዋሸሁህ። አንተ ምንጣፉን ስታነሳ እኔ አፈርኩ። ይቅርታ።» ከዚያ ዝም በዪ። ይቆጣል። ምናልባት ወጥቶ ይሄዳል፣ ምናልባት እናትሽ ላይም ይከፋል። ተዪው ይቆጣ፤ ሐቁ ነው። በዚያ ቀን ጤና ቡድንን አታንሺ፣ ፈቃድም አትጠይቂ። ይቅርታና ጥያቄ አንድ ላይ ሲመጡ ይቅርታው ጉቦ ይመስላል። ቀናት ይለፉ። ሲረጋጋ ቅዳሜ ጠዋትን፣ ሄልሜቱን፣ የምትመለሺበትን ሰዓት ይዘሽ ነገሩን አንሺው፤ እሱ የሚፈራውን ሁሉ እንዲናገር አድርጊ፣ ሳታቋርጪ አዳምጪው።

«እኔ ባልኖር ብቻህን ልጅ ማሳደግ ትፈልጋለህ?» ወይም «አንተ ብትሆን» የሚሉትን ቃላት አታውጪ። «ስንተዋወቅ ያየኸኝ እኔ አሁንም አለሁ፤ ከዚያች ሴት ጋር ሳምንት አንድ ጠዋት ልገናኝ» ብትዪው የሚገባው ይመስለኛል።

እሺ ካለ እሺታውን ጠብቂ። ስድስት ሰዓት እመለሳለሁ ብለሽ ሰባት ተኩል አትግቢ፤ አዲስ ብልሃት ሊሳካ ሲል መተው እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ግን አሁን የምትገነቢው እምነት ከኪክፍሊፕ (ቦርዱን አየር ላይ ከማገላበጥ) ይበልጣል። ልጅቷ ስታተኩስ ቅዳሜሽ ቢቀር ሌላ ቀን ይካስ፤ ዝም ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ግን ተናገሪ፣ ቂም አታጠራቅሚ።

እሺ ባይልስ? ምክንያቱን ለዪ። «እፈራለሁ፣ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» ካለ ጊዜ ስጪው፤ ሦስት ወር ቦርድ አለመንዳት አንቺን አያጠፋሽም፣ አርፈሽ አይተሽዋል። «በእኔ ቤት አይሆንም» ብሎ በሩን ከዘጋ፣ በዚያ ላይ ከእህቶችሽም ከጓደኞችሽም መገናኘትሽን፣ ደመወዝሽን፣ ስልክሽን መቆጣጠር ከጀመረ፣ ያን ጊዜ ጉዳያችሁ ከስኬትቦርድ ወጥቷል፤ ብቻሽን አትያዢው። ሁለታችሁን የሚያከብር የትዳር አማካሪ ጋ አብራችሁ ሂዱ፤ እሱ አልሄድም ቢል እንኳ አንቺ ሂጂ።