ከአሜሪካ አምፕ ላስመጣ ወይ ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ማታ አይቼ ዝም ብዬ ላልፍ ነበር። «አክስቴ በሚቀጥለው ወር ከዲሲ ስለምትመጣ አምፕሊፋየር (የድምፅ ማጉያ) ይዛልኝ ትምጣ?» የሚለው ጋ ስደርስ ግን ማለፍ አቃተኝ። የአባትህ ስፒከሮች አሉ፣ አንድ ካርቶን ካሴት አለ፣ 15 ሺህ ብር አለ፣ ሙዚቃውን ከስልክህ እያዘዝክ ሳሎን ማጫወት ትፈልጋለህ። የኔም ነገር ቁርጥ ይኸው ነበር፤ የኔ አክስት የመጣችው ከሲያትል መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። በቁጥር ልጻፍልህ።

1ኛ. ሶኬት ላይ የሚሰካ አምፕ ከአሜሪካ አታስመጣ። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን አትርሳ።

አክስቴ ያንን 11 ኪሎ ብረት ከሁለተኛ እጅ ሱቅ በ60 ዶላር ገዝታ፣ በሹራብና በፎጣ ጠቅልላ፣ ከራሷ ልብስ ቀንሳ ነው ያመጣችው። እሷ ዘመድ ልትጠይቅ ደሴ ሄዳ ሳለ፣ ስትመለስ ሙዚቃ ከፍቼ ልቀበላት ብዬ ቅዳሜ ከሰዓት ሰካሁት። መብራቱ ቦግ አለ፣ «እሰይ!» አልን። ትንሽ ቆይቶ ከውስጡ እንደ ንብ ቀፎ ማጉረምረም ጀመረ። ከዚያ ሽታ መጣ። እናቴ «ቡናው አረረ!» ብላ እህቴን ተቆጣቻት። እህቴ ግን ገና ቡናውን እያጠበች ነበር።

ዞር አድርጌ ጀርባውን ሳየው በጉንዳን ጽሑፍ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ይላል። የኛ ሶኬት 220 ነው። ያሞኘኝ የስልክ ቻርጀር ነው፤ ከአሜሪካ የመጣ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ያለ ችግር ስለሚሠራ ሁሉም እንደዚያ መሰለኝ። ቻርጀሩ ላይ ብታይ ግን «100-240» ተብሎ ተጽፎበታል፣ የትም አገር እንዲሠራ ሆኖ ነው የተሠራው። አሮጌ አምፕ ውስጥ ያለው ከባዱ ትራንስፎርመር ይህን አያውቅም፤ እጥፍ የሚጠጋ ቮልት ስትሰጠው ሽቦው ግሎ ይቃጠላል። አንዳንድ አምፕ ከኋላው 110/220 መቀየሪያ አለው። የግድ ከሆነ አክስትህ ከመክፈሏ በፊት የጀርባውን ፎቶ ትላክልህ።

ከዚያ ጥገና ቤቱ መጣ። ስሙን አልጠራም። «ትራንስፎርመሩን እንጠቀልልልሃለን፣ ሳምንት ና» ብለው 2,000 ብር ቀብድ ተቀበሉኝ። ሳምንቱ ሁለት ወር ሆነ። በሄድኩ ቁጥር «ነገ ና»፤ አንዴማ ሰውየው ስልኩን እያየ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «አንተ ደግሞ ሥራ የለህም እንዴ?» አለኝ። በመጨረሻ ሲሰጡኝ በአንድ ጎን ብቻ ይዘፍናል። ቤት ወስጄ ከፈትኩት፤ አራት የነበረው ትልልቅ ትራንዚስተር ሁለት ሆኗል። ይዤ ተመለስኩ፣ «ድሮም ሁለት ነበር» ተባልኩ። ፎቶ አላነሳሁ፣ ምን ልበል? ስለዚህ ማንኛውንም ዕቃ ለጥገና ስትሰጥ ከፍተህ የሆዱን ፎቶ አንሳ፣ እያዩህ አንሳ።

«መቀነሻ ትራንስፎርመር ገዝቼ እጠቀማለሁ» እንዳትለኝም። ጥገናውን እየጠበቅኩ እሱንም በ4,500 ብር ገዝቼ ነበር። «500 ዋት» ተብሎ የተለጠፈበት ነገር ግማሹን ሳይሸከም እጅ የማያስነካ ሆነ። 6,500 ብር፣ አንድም ዘፈን በወጉ ሳልሰማ።

2ኛ. አክስትህ ታምጣልህ ከተባለ ይህን ታምጣ፦ ቲፒኤ 3116 የሚባል ቺፕ ያለበት ትንሽ የክላስ ዲ (ኮረንቲ ቆጣቢ ዓይነት) አምፕ። ከመዳፍ አይበልጥም፣ ሻንጣ ውስጥ መኖሩም አይታወቅም። ኮረንቲ ከሶኬት በቀጥታ አይወስድም፤ የሚፈልገው ከ12 እስከ 24 ቮልት ነው፣ ቤት የተጣለ ባለ 19 ቮልት የላፕቶፕ ቻርጀር ይበቃዋል። ፕላስና ማይነሱን እንዳትገለብጥ ብቻ። ለሳሎን ተርፎ ጎረቤት ይሰማል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄደህ ባለ 220 አሮጌ አምፕ መፈለግም ትችላለህ፤ ከሄድክ የራስህን ስፒከርና ስልክ ይዘህ ሂድ፣ ሁለቱም ጎን መጮኹን ሳትሰማ ብር አታውጣ። እኔ ግን ወደ ትልቅ አምፕ አልመለስም፣ ምክንያቱን 3ኛው ላይ እነግርሃለሁ።

3ኛ. ማጫወቻው። እኔ ያገለገለ ራስበሪ ፓይ 3 (መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር) ነው የገዛሁት። መጀመሪያ የጫንኩበት ሲስተም ቆንጆ ነበር፤ መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ግን ሚሞሪ ካርዱ እየተበላሸ ሁለቴ ከዜሮ ጀመርኩ። ሦስተኛው ላይ ፓይኮር ፕሌየር የሚባለውን አገኘሁ። እሱ ሲነሳ ራሱን ሙሉ በሙሉ ራም (ጊዜያዊ ሚሞሪ) ላይ ይጭንና ካርዱን ይተወዋል፤ በመሃል ኮረንቲ ብትነቅልበት እንደ ሌላው በቀላሉ አይበላሽም። ለኛ ሰፈር ታስቦ የተሠራ ነው የሚመስለው። ሙዚቃውን የሚያስተዳድረው ሊሪዮን የሚባል ሰርቨር እዚያው ላይ ይጫናል። የድሮዎቹን የስኩዊዝቦክስ ማጫወቻዎች ያሠራ የነበረው ፕሮግራም ነው፤ ሠሪው ኩባንያ ሎጂቴክ ማጫወቻዎቹን ማምረት ቢያቆምም ፕሮግራሙን ሰዎች በነፃ እየሠሩት ነው። ስልክህ ሪሞት ይሆናል። ፋይሉ ቤት ስላለ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይዘፍናል፣ ፓኬጅ አይበላም፤ የሚያስፈልገው የበራ ራውተር ብቻ ነው።

በፓይው በራሱ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ግን አትገናኝ፣ ሹክሹክታ አለው። አክስትህ የአፕልን ትንሿን ከዩኤስቢ ሲ ወደ ጆሮ ማዳመጫ መቀየሪያ ታምጣልህ፤ እዚያ 9 ዶላር ነው የምትሸጠው፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ፓይ 3 ላይ ለመሰካት ከዩኤስቢ ሲ ወደ ትልቁ ዩኤስቢ የምትቀይር ጫፍ ጨምር። ከአውሮፓ አታስመጣት፣ የአውሮፓዋ የምታወጣው ቮልት የአሜሪካዋን ግማሽ ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ሞክረህ ድምፁ ካነሰህ ደግሞ ተበላሽታለች ብለህ አትጣላት፤ አንድሮይድ ላይ ጠባይዋ ነው። ፓይው ላይ ቮልዩሙን አንዴ 100 አድርገህ ትተዋለህ።

አሁን ምክንያቱ፦ ለመብራት የገዛነው ባለ 12 ቮልት የሶላር ባትሪ አለ። ፓይውና ራውተሩ ሁልጊዜ እሱ ላይ ናቸው (ፓይው 5 ቮልት ስለሆነ በመቀነሻ በኩል ነው፤ የኔ ራውተር 12 ቮልት ነው፣ ያንተን ጀርባውን እይ)። መብራት ሲሄድ የአምፑን ቻርጀር ነቅዬ ባትሪው ላይ እሰካለሁ። ባለፈው የፋሲካ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞ የኔ ቤት ብቻ ሲዘፍን የግቢው ሰው ጄኔሬተር የገዛሁ መስሎት ነበር። በዚያች ማታ 6,500 ብሩን ይቅር ብዬዋለሁ፤ የጥገና ቤቱን ሰውዬ ግን ገና ነኝ።

4ኛ. ካሴቶቹ። አቋራጭ የለውም፤ የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል። የቴፑን ሄድ (ካሴቱን የሚያነበውን ብረት) በአልኮል አጽዳ፣ ላፕቶፑ ላይ ኦዳሲቲ የሚባለውን መቅጃ ፕሮግራም ጫን፣ ጥራት በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት፣ በፍላክ አስቀምጥ። 64 ጊጋ ፍላሽ ከ150 ያላነሰ እንዲህ ያለ ካሴት ይይዝልሃል። ሁለት ቦታ አስቀምጥ እንጂ አንድ ቦታ አይሁን።

ማንም ያልነገረኝ የስሙ ጣጣ ነው። አንዱን ካሴት «ጥላሁን ገሠሠ»፣ ሌላውን «ጥላሁን ገሰሰ» ብለህ ከጻፍክ ለኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት ዘፋኝ ነው። ማሕሙድ አሕመድማ እኔ ጋ ሦስት ሰው ሆኖ ነበር፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እያልኩ አንድ ሙሉ እሁድ ስለቅም ዋልኩ። ገና ሳትጀምር አንድ አጻጻፍ ምረጥና ደብተር ላይ ጻፈው።

5ኛ ብዬ ስለ ስፒከር ሽቦ ልጽፍልህ ነበር፤ መደበኛ የመብራት ሽቦ ይሠራል፣ በወርቅ የተለበጠ ሊሸጥልህ የሚመጣውን አትስማው።

የተቃጠለው አምፕ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጧል። አክስቴ አሁንም አታውቅም። በቪዲዮ ስትደውል ካሜራውን ወደሱ አዞርና ከኋላው በተደበቀችው ትንሿ አምፕ አስተርዬን አጫውትላታለሁ፣ «ዕቃ ማለት የድሮ ነው!» ትላለች። እዚህ ግሩፕ ውስጥ የምታውቋት ካላችሁ አደራ።