ሚኒስትር እንዴት ይጠየቃል? ከወሎ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሰላም ለጀማው። ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ቡና ላይ ክርክር ተነስቶ ነበር። አንድ የተቃዋሚ ፓርቲ የምክር ቤት አባል ስለ መንገድ፣ ስለ መብራት፣ ስለ መድኃኒት ሚኒስትር ሲያፋጥጥ እውነት የሚለወጥ ነገር አለ ወይ የሚል። ጥያቄ ያለው ይላክልኝ አልኩ፤ ብዙ መጣ። እኔ 11 ዓመት ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በጀት ላይ ሠርቻለሁ። ገንዘቡ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አይቻለሁ። እንጀምር።

ከሐይቅ፦ ተቃዋሚው በጣት የሚቆጠር ነው። ጠየቀ አልጠየቀ ምን ይፈይዳል?

ድምፅ ተቆጥሮ አያሸንፍም፤ ይሄ እውነት ነው። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ ከተቃዋሚ ፓርቲዎቹ አብን (የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ) 5፣ ኢዜማ (የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ) 4 ወንበር ነው ያገኙት። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤቱ 547 መቀመጫ አለው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ላይ ሲሶው አባል ከጠየቀ የአስፈጻሚውን ሥራ የሚመለከት ማንኛውም ጉዳይ ለውይይት ይቀርባል ይላል። ሲሶ ማለት 183 ሰው ነው፣ ተቃዋሚው ብቻውን እዚያ አይደርስም።

ግን ያው አንቀጽ ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትንም ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። አንድ አባል ማይክ ከደረሰው ሚኒስትሩ የመለሰው ነገር ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። "በሰኔ ያልቃል" ካለ ሰኔ ይመጣል። ከ2002 እስከ 2007 ከተቃዋሚ ፓርቲ ግርማ ሰይፉ ብቻውን ነበር። እሱ ሲናገር ቢሮ ውስጥ ሥራ አቁመን ሬዲዮ እንሰማ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ጆሮ ያስከፈተው ድምፅ አይደለም፣ ጥያቄው ነው።

ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ፦ ጋሼ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ሚኒስትርን መውጫ የሚያሳጣው?

ይሄን ልዘርዝረው፣ ዋናው እሱ ነው።

አምና የሰፈራችን ቅሬ (እድር) የዓመቱን ሂሳብ ሲያሰማ ገንዘብ ያዡ "ለድንኳን ጥገና 18,000 ብር" ብሎ አነበበና ወደ ሚቀጥለው ሊያልፍ ሲል አንዲት እናት ከኋላ ተነሱ። ፊደል ያልቆጠሩ ናቸው። "ቆይ ልጄ፣ ስንት ቦታ ተሰፋ? ማን ሰፋው? ድንኳኑስ አሁን የት ነው?" አሉ። ድንኳኑ ከመጋዘን ወጣ፣ ሜዳው ላይ ተዘረጋ። እሳቸው ዝቅ ብለው ስፌቱን በእጃቸው እየዳሰሱ ቆጠሩ። ስድስት ቦታ ነበር መሰፋት የነበረበት፣ አራቱ ተሰፍቷል። የሁለቱ ዋጋ ሰፊው ዘንድ በቅድሚያ ተከፍሎ ተቀምጧል። በሳምንቱ ተሰፍቶ መጣ። ማንም አልተሰደበም፣ ማንም ሌባ አልተባለም።

እሳቸው "ለምን ገንዘብ ታባክናላችሁ?" ብለው ቢሆን ኖሮ "አላባከንም" ተብሎ ነበር የሚያልቀው። ፓርላማም ውስጥ ብዙ ጊዜ የማየው ይሄንኑ ነው። አባሉ "የመንገዱ ሥራ ለምን ዘገየ?" ይላል። ሚኒስትሩ የወሰን ማስከበር ችግር፣ የሲሚንቶ እጥረት፣ የጸጥታ ሁኔታ እያለ ይቀጥላል። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን የሚያዝ ነገር የለውም። እንዲህ ይጠየቅ፦ ውሉ ሲፈረም ዋጋው ስንት ነበር፣ አሁን ስንት ደረሰ? ለተቋራጩ እስካሁን ስንት ተከፈለ? የፊዚካል አፈጻጸሙ (የተሠራው ሥራ) ስንት በመቶ፣ የፋይናንሱስ (የወጣው ገንዘብ) ስንት በመቶ ነው? 70 በመቶ ገንዘብ ወጥቶ 40 በመቶ መንገድ ካለ መሃል ያለው 30 የት እንዳለ ሚኒስትሩ መናገር አለበት። የጊዜ ማራዘሚያውን የፈቀደው ማን ነው፣ መቼ? እነዚህ ጥያቄዎች ቁጥርና ቀን ያለው መልስ ነው የሚፈልጉት።

ከኮምቦልቻ፦ ሐዲዱን እያየን አደግን፣ ባቡሩን ግን አላየንም። ማን ይጠየቅ?

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ፤ ስለ ብድሩ ደግሞ የገንዘብ ሚኒስትሩ። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ነው። ያፒ መርከዚ የተባለ የቱርክ ድርጅት በ2007 ጀመረው፣ ገንዘቡም በውጭ ብድር የመጣ ነው። መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ዘገየ፣ ከዚያ ጦርነቱ መጣና ጉዳት ደረሰበት። ባቡር ሄደም አልሄደም ብድር ወለድ አለው። ስለዚህ "መቼ ይጀምራል?" ብቻ አይበቃም። እስካሁን ስንት ወለድ ተከፈለ? ለጥገናው ስንት ተያዘ፣ በየትኛው ዓመት በጀት?

ከወልድያ፣ አንዲት አስተማሪ፦ ደመወዛችን ይዘገያል። ፓርላማ ላይ የትምህርት ሚኒስትሩን የሚጠይቅልን የለም ወይ?

እህቴ፣ ድካምሽ ይገባኛል። ግን ጥያቄው የተሳሳተ በር እያንኳኳ እንዳይመለስ። የአስተማሪ ደመወዝ የሚከፍለው ወረዳው ወይም ከተማ አስተዳደሩ ነው፣ ክልሉ ከሚያወርድለት በጀትና ከራሱ ገቢ። ሚኒስትሩ "የክልል ሥራ ነው" ብሎ ቢመልስ ሕጉ ከሱ ጋር ነው። ይሄ ባሕር ዳር፣ የክልሉ ምክር ቤት ላይ የሚነሳ ነው። ጤና ጣቢያ፣ የከተማ ውሃ፣ የገጠር ቀበሌ መንገድም እንዲሁ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ መብራት፣ የአዲስ አበባ–ደሴ–ወልድያ ዋና መንገድ፣ የማዳበሪያ ግዥ ግን የፌዴራል ናቸው።

ለፌዴራል የሚቀርብ አንድ ጥያቄ ግን አለ፣ እሱም ትልቅ ነው። የ2017 በጀት መጀመሪያ ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር፤ ከዚያ 222.7 ቢሊዮኑ ለክልሎች ድጎማ። የ2018ቱ ደግሞ 1.93 ትሪሊዮን ሆነ፣ የክልሎች ድጎማ ወደ 315 ቢሊዮን። በብር ሲታይ ጨምሯል። አስሉት እስቲ፦ ከመቶ ብር 23 ገደማ የነበረው 16 ገደማ ሆኗል። ሐምሌ 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ያ ብር የሚገዛው ነገር ስንት እንደቀነሰ ገበያ የወጣ ያውቀዋል። የገንዘብ ሚኒስትሩ ይሄን ለወልድያ አስተማሪ ማስረዳት አለበት። እኔ ይሄ ጥያቄ በደንብ ተጠይቆ ማየት እፈልጋለሁ።

ከወረኢሉ፦ ጤና ጣቢያው ከጦርነቱ ወዲህ መድኃኒት የለውም። "ከውጭ ግዙ" ነው የሚሉን።

አብሽሩ፣ የሚጠየቅ ሰው አለ። መጀመሪያ አንድ ነገር አጣሩ፦ መድኃኒቱ ጠፍቶ ነው ወይስ ጤና ጣቢያው መግዣ አጥቶ? ጠፍቶ ከሆነ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የፌዴራል ነው፣ ደሴ ላይ ቅርንጫፍ አለው፤ ጥያቄው በጤና ሚኒስትሩ በኩል ይሄዳል። ገንዘብ አጥቶ ከሆነ ጉዳዩ የወረዳና የክልል ነው። ተገዝቶ ገብቷል ከተባለ ሞዴል 19 የሚባለው የንብረት ገቢ ደረሰኝ ይኖራል፤ ያለሱ ንብረት ገቢ አይሆንም።

መልሶ ግንባታው ለብቻው ነው። ሚያዝያ 2014 ላይ የዓለም ባንክ በግጭት ለተጎዱ አካባቢዎች 300 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ አጽድቋል። ከዚያ ውስጥ የትኛው ወረዳ ስንት ደረሰው? ስንት ጤና ጣቢያ፣ በስም፣ በቀበሌ? "በርካታ ተቋማት ተጠግነዋል" የሚለው መልስ የእናንተን ጤና ጣቢያ ስም እስካልያዘ ድረስ ለእናንተ አልተመለሰም።

ከመርሳ፦ የዋና ኦዲተር ሪፖርት በየዓመቱ እንሰማለን። ለተቃዋሚው ይጠቅመዋል?

ከዚያ የተሻለ መሣሪያ የለውም። ዋና ኦዲተር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 የተቋቋመ ነው፣ ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለምክር ቤቱ ነው። ሪፖርቱ ውስጥ "ያልተወራረደ ሂሳብ" ሲባል ሰው ሁሉ ተሰረቀ ይላል። ማለት የፈለገው ገንዘቡ ወጥቷል፣ ምን እንደተሠራበት የሚያሳይ ሰነድ አልመጣም ነው። ሰነዱ ሊመጣም ላይመጣም ይችላል። ጥሩ ጠያቂ "ሰረቃችሁ" አይልም፤ "አምናም ይሄው ግኝት ነበር፣ ዘንድሮም አለ፣ በማን ላይ ምን እርምጃ ወሰዳችሁ?" ይላል።

ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ቋሚ ኮሚቴን እንዲመራ የተደረገው የአብኑ ክርስቲያን ታደለ ነበር። ተቃዋሚ ያንን ወንበር መያዙ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያው ከመርሳ፦ እሱ ታሰረ አይደል? ታዲያ ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

አዎ፣ በ2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ ሰሞን ታሰረ። አንቀጽ 54 አንድ አባል በምክር ቤት በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም ይላል፤ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀርም ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም ይላል። ስለ ክሱ ፍርድ መስጠት የእኔ ቦታ አይደለም። ግን ኦዲት የሚመረምር ሰው ሲታሰር የሌላውም አባል አንደበት ይታሰራል፣ ይሄ ያመኛል። የገዢው ፓርቲ አባላትም ቢሆኑ የሕዝብ ተወካይ ናቸው፤ ስለ ወረኢሉ መድኃኒት ለመጠየቅ ተቃዋሚ መሆን አያስፈልግም። ንገሯቸው።

ከላሊበላ፦ የምክር ቤት አባሌን የት አገኘዋለሁ?

ምክር ቤቱ ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት እስከ ሰኔ 30 ይሰበሰባል፣ በመሃል የአንድ ወር እረፍት አለው። አባላት ወደ መረጣቸው ሕዝብ የሚመጡት በእረፍቱና በክረምት ነው። ስትሄድ ብሶት ብቻ ይዘህ አትሂድ። አንድ ገጽ ጻፍ፦ ቀበሌው፣ መብራቱ የጠፋበት ቀን፣ ስንት ጊዜ አመለከትክ፣ የማመልከቻው ቁጥር።

ከባቲ፦ እኔ ራሴ መጠየቅ አልችልም?

ትችላለህ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት አለው ይላል፣ የምትፈልግበትን ምክንያት ማስረዳትም የለብህም። በጽሑፍ አስገባ፣ ቅጂው ላይ "ደርሶናል" አስብለህ ማኅተም አስመታ። ደግሞ ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የበጀት ሰሌዳ ይለጠፋል። እኔ ራሴ ስንቴ ለጥፌያለሁ፤ ቆሞ የሚያነበው ሰው ግን በጣም ጥቂት ነበር። ሐምሌ ሲለጠፍ ፎቶ አንሳው፣ ሰኔ ላይ ተሠራ ከሚባለው ጋር አስተያየው። ካልተለጠፈ ደግሞ የመጀመሪያ ጥያቄህ እሱ ይሁን።