በባሩድና በአረር የሚጎርስ ስድስት ጎራሽ ለመግዛት ላሰበው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄውን ያላየ ሰው ስለሚኖር ባጭሩ ልድገመው። የመሐል ሜዳ ልጅ ነህ፣ ሚኒሶታ ትኖራለህ። በጥንቱ አምሳል አዲስ የተሠራ፣ ከፊት በባሩድና በአረር የሚጎርስ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ መግዛት አስበሃል። ከሁለቱ የጥንት አሜሪካ ሠሪዎች ቅጂ ኮልት ይሻላል ወይስ ሬሚንግተን? አካሉ ናስ የሆነው ረከስ ይላል፣ ልውሰደው? ብለሃል። ቀጥለህም «አባቶቻችን አድዋ የዘመቱበት ዓይነት ስለሆነ መንዝ ወስጄ አባቴ ቤት ግድግዳ ላይ ብሰቅለውስ?» ብለህ ጠይቀሃል።

እኔ የአንኮበር ልጅ ነኝ፣ አሁን ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት። አሜሪካ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ባሩድ ከሚያጨሱ ሽማግሌዎች ጋር ተኩስ ሜዳ እየወጣሁ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ኮልቱም ሬሚንግተኑም ነበሩኝ። ወደ አገር ስመለስ ሁለቱንም እዚያው ሸጬ ነው የመጣሁት፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግርሃለሁ።

ቁርጡን ላስቀድምልህ። የመጀመሪያህ ከሆነ አካሉ ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነውን፣ 44 ካሊበር (ካሊበር የቀዳዳው ስፋት መለኪያ ነው)፣ የ1858ቱን የሬሚንግተን ቅጂ ግዛ። ምክንያቱን ግን አንብበው፤ ምናልባት የአንተ እጅና ጠባይ ወደ ኮልት ይወስድህ ይሆናል።

ከናሱ እንጀምር። ፎቶው ላይ እንደ ወርቅ ያብረቀርቃል፣ ዋጋውም ያጓጓል። ናስ ግን ለስላሳ ነው። ባሩድ በዛ አድርገህ በተኮስክ ቁጥር ሲሊንደሩ፣ ማለትም ስድስት ቀዳዳ ያለው የሚዞረው ክፍል፣ ወደ ኋላ እየገፋ ናሱ ላይ አሻራውን ይተዋል። ኮልት መልክ ያለው ከሆነ ደግሞ ሲሊንደሩን የተሸከመው ዘንግ ናሱ ውስጥ ስለተተከለ ቀስ በቀስ ይላላል። ባሩድ ቀነስ አድርጎ ለሚተኩስ ሰው ዕድሜ አለው፣ አልዋሽህም። ግን ማን ነው ቀነስ አድርጎ የሚተኩስ? ጭሱንና ድምፁን ፈልገህ አይደል የምትገዛው! የዋጋው ልዩነት ያን ያህል አይደለም፤ ጨምረህ ብረቱን ውሰድ።

ታሪክ እንደምትወድ ከጥያቄህ ገባኝ። ስለዚህ ይህንንም እወቀው። ኮልት ራሱ የሠራው የ1851ዱ ኔቪ አካሉ ናስ አልነበረም፤ ናሱ እጀታውን የሚይዘው ክፈፍና የምላጩ ቀለበት ብቻ ነው። አካሉን ከናስ የሠሩት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ብረት ያጠራቸው የደቡብ ሠሪዎች ናቸው። «1851 ኔቪ፣ 44 ካሊበር» የሚል ማስታወቂያ ካየህም በጥንት ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። የጥንቱ 36 ነው። ይተኩሳል፣ ችግር የለውም፤ ብቻ ትክክለኛ ቅጂ ነው ብሎ የሚሸጥልህን አትመነው።

አሁን ወደ ዋናው። ኮልት ከላይ ክፍት ነው። አፈሙዙንና አካሉን አንድ ላይ የያዘው ከጎን የሚገባ አንዲት ሽብልቅ ናት። ሽብልቋን መታ አድርገህ ስታወጣት ሽጉጡ ሦስት ቦታ ይፈታል፤ አፈሙዝ፣ ሲሊንደር፣ አካል። ውበቱ ልክ የለውም። እጅ ውስጥ ሲገባ ራሱ ወደ ዒላማው ይዞርልሃል። ማነጣጠሪያው ግን በአውራ ጣት ወደ ኋላ የሚሳበው መቺ ላይ የተፈለፈለች ትንሽ ስንጥቅ ናት፤ እሷም የምትታይህ መቺው ሲሳብ ብቻ ነው። ቅርብ ዒላማ ላይ ከፍ አድርጎ ይመታል፣ አልመህ ዝቅ ማድረግ መልመድ አለብህ። ሌላው ጣጣው የፈነዳችው ካፕ ናት። ካፕ የምንለው ባሩዱን የምትለኩሰዋን ትንሽ የመዳብ ቆብ ነው። ስትፈነዳ ትቦጫጨቅና ስባሪዋ መቺው ሥር ገብታ ሽጉጡን ቀጥ ታደርገዋለች። ኮልት ተኳሾች መቺውን ሲስቡ አፈሙዙን ወደ ሰማይ ቀና የሚያደርጉት ለዚህ ነው፣ ለጉራ አይደለም።

ሬሚንግተኑ ከሲሊንደሩ በላይ የሚያልፍ ድልድይ አለው። አካሉ ወጥ ነው። ማነጣጠሪያው እዚያው ድልድይ ላይ የተቆረጠ ስለሆነ አይነቃነቅም። ለማጠብ ከአፈሙዙ ሥር ያለውን የአረር መጠቅጠቂያ ዝቅ ታደርጋለህ፣ ዘንጉን ወደ ፊት ትስባለህ፣ ሲሊንደሩ ወደ ጎን ይወጣል። በቃ። በሲሊንደሩ ጀርባ፣ በቀዳዳዎቹ መሐል መቺው የሚያርፍበት ጎድጎድ ያለ ቦታም አለው። እንከኑስ? ዘንጉ ቀጭን ነው፤ ጥላሸቱ ቶሎ ይይዘውና ከጥቂት ዙር በኋላ ሲሊንደሩ መዞር ያቅተዋል። በየዙሩ በእርጥብ ጨርቅ ፊቱን ጠረግ፣ ዘንጉን ሞራ ቀባ ማድረግ ነው። ደግሞ እጀታው ጠበብ ስለሚል ትልቅ እጅ ያለው ሰው የመሐል ጣቱን የምላጩ ቀለበት ይቀጠቅጠዋል። የአንተን እጅ አላየሁም፤ ከመግዛትህ በፊት ሁለቱንም ጨብጣቸው።

በነገራችን ላይ «1858» የሚለው የፈጠራ መብቱ የተመዘገበበት ዓመት ነው። ቅጂው የሚመስለው ሞዴል መሠራት የጀመረው በ1863 አካባቢ ነው፤ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር።

ሠሪ ያልክ እንደሆነ አብዛኛው ቅጂ የሚመጣው ከጣሊያን፣ ከብሬሻ አካባቢ ነው። ኡቤርቲና ፒየታ የሚባሉት ናቸው የታወቁት። ኡቤርቲ አጨራረሱ ላቅ ይላል፣ ፒየታ ዋጋው ቀለል ይላል፣ በቅርብ ዓመታት የተሠሩት ጥሩ ናቸው። እኔ በስም አልጨቃጨቅም። ያገለገለ ከሆነ የምትገዛው መቺውን ቀስ ብለህ እስከ መጨረሻው ሳብ። ሲሊንደሩ «ቀጭ» ብሎ መቆለፍ አለበት። ከተቆለፈ በኋላ በጣትህ ግራና ቀኝ አወዛውዘው፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላም ግፋው። ጥቂት መንቀሳቀስ ያለ ነው፣ ማንኳኳት ግን የለበትም። ስድስቱንም ቀዳዳ አንድ በአንድ እንዲህ ፈትን፤ አንዱ ብቻ የማይቆልፍ ይኖራል። ከዚያ ካፕ የሚጠለቅባቸውን ጡቶች ተመልከት፤ ጫፋቸው የተደፈጠጠ ከሆነ ሰውየው ባዶውን ሲያንቀጫቅጨው ነው የኖረው። ጡት በቀላሉ ይለወጣል፣ ዋጋ ማስቀነሻ ግን ይሁንህ።

ብዙ ሰው ሽጉጡን ገዝቶ የሚቸገረው በጉርሻው ነው። አረሩ ከቀዳዳው ትንሽ መወፈር አለበት። ለ44ቱ 0.451 ወይም 0.454 ኢንች፣ ለ36ቱ 0.375 ኢንች ነው የሚሸጠው፤ መመሪያው የሚልህን ውሰድ። ንጹሕ፣ ለስላሳ እርሳስ ይሁን። መጠቅጠቂያውን ስትጫነው ከአረሩ ዙሪያ ቀጭን የእርሳስ ቀለበት ተልጦ ይወድቃል። ቀለበቱን አንስተህ እየው። ሙሉ ክብ ከሆነ አረሩ ቀዳዳውን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል ማለት ነው። ግማሽ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ምንም ካልተላጠ፣ የአንዱ ቀዳዳ እሳት ወደ ጎረቤቱ ሊሻገር ይችላል። አንድ ጊዜ ምላጭ ስበህ ሁለት ሦስቱ አብረው ሲተኩሱ ማየት አትፈልግም። የላላ ካፕም ይህንኑ ያመጣል። ካፕ በ10 እና በ11 ቁጥር ይሸጣል፤ የየሽጉጡ ጡት ይለያያልና ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ገዝተህ ሞክር።

ባሩዱ ጥቁር ባሩድ ብቻ ነው፣ ወይም በሱ ምትክ ተብሎ የሚሸጠው። ዛሬ ጥይት ውስጥ ያለው ጭስ አልባው ባሩድ በጭራሽ አይገባም፣ በቁንጥርም ቢሆን፤ ሽጉጡን እጅህ ላይ ያፈነዳዋል። ለብረቱ 44 ከ25 እስከ 30 ግሬን፣ ማለትም ሁለት ግራም የማይሞላ፣ ይበቃዋል። አረሩ ባሩዱ ላይ ተጭኖ መቀመጥ አለበት፤ መሐሉ ክፍት እንዳይቀር። ምላጭ ስበህ ካልተኮሰ ደግሞ ሽጉጡን ከዒላማው ሳታዞር ቆይ። ዘግይቶ የሚተኩስ አለ።

ቅባት ላይ የኛ አገር ሰው ይበልጣል፣ በዚህ እኮራለሁ። ከመኪና ዘይት የተሠራ ግሪስ ከባሩዱ ጋር ሲቃጠል እንደ ሬንጅ ይደርቃል። የሚሻለው ሰምና የበግ ሞራ ነው። እኔ የንብ ሰምና የበግ ሞራ በለስላሳ እሳት አቅልጬ፣ አጥልዬ፣ በቆርቆሮ አስቀምጥ ነበር። ክረምት ሞራውን በዛ፣ በጋ ሰሙን በዛ። በባሩዱና በአረሩ መሐል የምትገባው ክብ የሱፍ ቁራጭም አለች። ሱቅ ይሸጧታል። እኔ ግን ያረጀ የመንዝ ዝተት ነበረኝ፣ ከሱ እየበሳሁ ቅባቱ ውስጥ እነክራት ነበር። ወፍራም ንጹሕ የበግ ጸጉር ስለሆነ አፈሙዙን ጠርጎ ይወጣል። ተኩስ ሜዳ ያሉት ሽማግሌዎች ከየት ነው የገዛኸው ብለው ያስቸገሩኝ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ናይለን የተቀላቀለበትን ብርድ ልብስ ግን እንዳትሞክር፤ ቀልጦ አፈሙዙ ላይ ይጣበቃል።

ማጠቡን ለነገ አትበል። የባሩዱ ጥላሸት እርጥበት ይስባል፣ አድሮ ዝገት ነው። ሙቅ ውኃና ሳሙና፣ ብሩሽ፣ ከዚያ ጥርግ አድርገህ አድርቀህ ዘይት ቀባ። ቤቱ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ድኙ ነው። ባለቤትህ መጀመሪያ ቀን ታጉረመርማለች፣ ሁለተኛ ቀን ከወጥ ቤት ታስወጣሃለች። ባልዲ ይዘህ ጋራዥ ግባ። ይህ ሥራ የሚሰለችህ ከሆነ ኮልትም ሬሚንግተንም አትግዛ።

የአድዋው ነገር ላይ ላርምህ፣ ቅር አይበልህ። በኛ አቆጣጠር በ1888 አድዋ የዘመተው ሠራዊት በብዛት የያዘው ቀለህ ያለው ጥይት ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው፤ ውጅግራ፣ ስናድር፣ ሬሚንግተን። ሬሚንግተን ሲባልም ጠመንጃው ነው፣ አንተ የምትገዛው ሽጉጥ አይደለም። የካፕ መሣሪያ ያን ጊዜ ያረጀ ነበር። ለዚህ የኛው አንኮበር ምስክር አላት። በ1879 ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ከ2,000 የሚበልጥ የካፕ ጠመንጃ አንኮበር አደረሰ። ለምኒልክ ሊሸጥ ነው። አውሮፓ የተጣለ መሣሪያ በርካሽ ገዝቶ ትርፍ አገኛለሁ ብሎ ነበር። ምኒልክ ግን የሚገዙትን ያውቁ ነበርና እሱ ባሰበው ዋጋ አልወሰዱለትም። እንግዲህ ሽጉጥህ ከሸዋ ጋር ዝምድና አለው ካልክ፣ ዝምድናው ከአድዋ ሳይሆን ከዚያ ከራምቦ ጭነት ጋር ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ከሄድክ ደግሞ እንግሊዞች በ1833 ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ካመጡት ከፊት የሚጎርስ ጠመንጃ ጋር።

መንዝ ስለመውሰዱ አታስበው። አሜሪካ በፌዴራል ሕግ ይህ ዓይነቱ ቅጂ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚቆጠር አገዛዙ ይቀላል፤ የክፍለ ግዛትህን ሕግ ግን ለይተህ ጠይቅ። እዚህ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባት ወንጀል ነው። «ቅጂ ነው እኮ» ብለህ ቦሌ ላይ ፈታሽ የምታሳምን እንዳይመስልህ፤ ይተኩሳል። ባሩድና ካፕማ በሻንጣም በእጅም አውሮፕላን ላይ አይወጣም። አሁን ባለው ሁኔታ ደግሞ አባትህ ቤት ግድግዳ ላይ ሽጉጥ ተሰቅሎ መታየቱ ለሽማግሌው ጣጣ ነው። የኔን እዚያው የሸጥኩት ለዚሁ ነው። ተኩስ ሜዳ ላይ ጭሱ መሐል የተነሣኸውን ፎቶ በትልቁ አሳጥበህ በፍሬም ላክለት።

ሻጭ ካገኘህ ከመክፈልህ በፊት የሲሊንደሩን ፊትና ጀርባ፣ የዘንጉን ቦታና የአፈሙዙን ጽሑፍ በደህና ብርሃን አንሥተህ እዚህ ለጥፈው። እኔ ባላየው ሌላ የሚያውቅ አይጠፋም።