ፖስታው ሳይከፈት የሚሸነፍ ተጫራች፦ ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

ዓመታት በጨረታ ኮሚቴ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ዛሬ ከዚራ አካባቢ ለአነስተኛ ነጋዴዎች የጨረታ ሰነድ አዘጋጃለሁ። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጠየቃችሁኝ። አንዳንዶቻችሁ አንቱ ብላችሁኛል፤ የድሬ ልጅ ነኝና አንተ ይበቃኛል።

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤት ወንበር ጨረታ ከሁሉም ያነሰ ዋጋ ሰጥቼ ተሸነፍሁ። አሻጥር አይደለም?

ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አስቀድሜ ወረቀትህን እጠረጥራለሁ። አሸናፊ የሚባለው ሰነዱ የጠየቀውን አሟልቶ ከተገኘው መካከል ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነው። ኮሚቴው ዋጋ ከማወዳደሩ በፊት የታደሰ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የታክስ ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለብህ የሚያሳይ ማረጋገጫ)፣ የጨረታ ማስከበሪያ፣ ፊርማና ማኅተም ያያል። ዋጋ ላይ ስርዝ ድልዝ ካለና ካልተፈረመበት ጣጣው ብዙ ነው። አንድ ጥሩ አናጢ አስታውሳለሁ፤ ናሙናው ከሁሉም የተሻለ ነበር። ቴክኒካል (የሥራው ዝርዝር) እና ፋይናንሻል (ዋጋው) በየፖስታው ይታሸግ ተብሎ ሳለ የዋጋ ዝርዝሩን ቴክኒካሉ ውስጥ ከትቶት ተገኘ። ከውድድር ወጣ። የወጣበትን ቃለ ጉባኤ የጻፍሁት እኔ ስለሆንሁ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ ነጠላ ዋጋውን በትክክል ጽፌ ብዜቱን ተሳሳትሁ። የትኛው ይያዝብኛል?

ነጠላ ዋጋው። በአኃዝና በፊደል የጻፍኸው ቢለያይ ደግሞ በፊደል የተጻፈው ይጸናል። 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይካተት ወይም አይካተት የሚለውንም ሳታነብ ዋጋ አትሙላ።

ጥያቄ፦ የጨረታ ማስከበሪያና የውል ማስከበሪያ አንድ ናቸው?

አይደሉም። የመጀመሪያው «ካሸነፍሁ አልሸሽም» የምትልበት ነው፤ በፌዴራሉ የ2002 የግዥ መመሪያ ከግምት ዋጋው ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ነበር። ለተሸናፊ ይመለሳል፤ አሸንፎ አልፈርምም ያለ ግን ይወረስበታል። ሁለተኛው ካሸነፍህ በኋላ የምታስይዘው ሲሆን በተለምዶ ከውሉ ዋጋ 10 በመቶ ነው። ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ወይም በቅድመ ሁኔታ ላይ ያልተመሠረተ የባንክ ዋስትና ይቀበላሉ። ተደራጅታችሁ የምትሠሩ ወጣቶች ካደራጃችሁ ተቋም የዋስትና ደብዳቤ ማቅረብ ይፈቀድላችሁ እንደሆነ ሰነዱን እዩ። ብዙዎች ይህን ሳያውቁ ይበደራሉ።

ጥያቄ፦ ማስታወቂያው ሁሉ «ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» ይላል። ታዲያ የእኛ መብት የት አለ?

ይህች ዓረፍተ ነገር ከማስታወቂያው ግርጌ ጠፍታ አታውቅም። መብቱ አለ። ረጅም ጊዜ የሠራው የፌዴራል የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ሁሉንም ጨረታ ውድቅ ያደረገ መሥሪያ ቤት ምክንያቱን ወዲያው ለተጫራቾች እንዲያሳውቅ ያስገድድ ነበር፤ በምክንያቱ ላይ እንዲከራከር ግን አያስገድደውም ነበር። ለእኔ ይህ ለመሥሪያ ቤቱ የተተወ ሰፊ በር ነበር። ያም ሆኖ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ደብዳቤ የጠየቀው ሰው ባለበት ሰበብ መፍጠር ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነኝ። አንድ መሥሪያ ቤት አንዱን ግዥ በሦስት ከፍሎ በፕሮፎርማ (ከጥቂት ነጋዴዎች ዋጋ በመሰብሰብ) ይገዛል፤ «አስቸኳይ ነው» ይላሉ። የእናንተ ሕግ እኛንም ይመለከታል?

የሐረሪ ክልል የራሱን ሕግ ያወጣል፤ ድሬዳዋም በቻርተሩ፣ በአዋጅ ቁጥር 416/1996፣ የራሷ ምክር ቤት አላት። በፌዴራል ደረጃም 649ን አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተክቶታል። ስለዚህ በየትኛው ሕግ እንደምትዳኙ ከጨረታ ሰነዱ አረጋግጡ። መርሁ ግን ተቀራራቢ ነው፦ ፕሮፎርማ ለአነስተኛ ግዥ የተፈቀደ ሲሆን ከጨረታ ለማምለጥ ግዥን መከፋፈል የተከለከለ ነው። አስቸኳይ የሚባለው አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል ነገር ነው። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ድንኳንና ብርድ ልብስ በጨረታ ይገዛ የሚል አልነበረም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 እንደሚያልቅ ግን ሁሉም ያውቃል፤ የሰኔ ጥድፊያ የዕቅድ ድክመት እንጂ ድንገተኛ አደጋ አይደለም።

ጥያቄ፦ ቅሬታ ለማን ነው የሚቀርበው?

መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ በጽሑፍ። በ649 ሥርዓት ጉዳዩን ካወቅህበት ቀን ጀምሮ 5 የሥራ ቀን ነበረህ፤ ኃላፊው በ10 የሥራ ቀን ይመልስ ነበር፤ ካልተስማማህ በ5 የሥራ ቀን የግዥ ቅሬታ ወደሚያየው ቦርድ ትሄድ ነበር። አሁን የያዝኸው ሰነድ የሚሰጥህን ቀን ከራሱ ቁጠር። የእኛ ሰው ቅሬታውን በርጫ ላይ፣ ጫት እየቃመ፣ ያወራል እንጂ አይጽፍም፤ አምስት ቀን ደግሞ በአምስት በርጫ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ከሐረር ስንመጣ ደንገጎ ላይ መኪናው ተበላሽቶ 10 ደቂቃ ዘገየን። ሊቀበሉን አይገባም ነበር?

አይገባም። ሰዓቱ ካለፈ ፖስታው ሳይከፈት ይመለሳል፤ የተቀበሏችሁ ቢሆን ኖሮ ቀድመው ያስገቡት ሁሉ ቅሬታ ማቅረብ ይችሉ ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ዋዜማውን ድሬ እደሩ።