ለመመለስ የምታስቡ ወገኖቼ፣ ከመጠየቅ አልፋችሁ ሞክሩት

ወደ አገር ቤት ስለ መመለስ ወይም በአዲስ አበባ መሀል ሥራ ስለ መጀመር የምታስቡ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ስትደውሉልኝ ከሁሉ አስቀድማችሁ የምትጠይቁኝ «አንተ ምን ትመክረናለህ?» ብላችሁ ነው። ያየሁትን ከመንገር ወደኋላ አልልም። ይሁን እንጂ የእኔን ቃል ከዋሽንግተኑ ወዳጃችሁና ከቦሌው አጎታችሁ ቃል ጋር ደምራችሁ ከመወሰናችሁ በፊት፣ ነገሩን በትንሹም ቢሆን ራሳችሁ እንድትሞክሩት አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

ይህን የምለው የሚመክሯችሁ ሰዎች ይዋሻሉ ብዬ አይደለም፤ ሁሉም የሚናገረው የራሱን ኑሮ ነው። መኪናና ሾፌር ያለው ዘመዳችሁ ስለ ትራንስፖርት የሚነግራችሁ፣ ማለዳ ሜክሲኮ ላይ ለታክሲ የተሰለፈ ሠራተኛ ከሚነግራችሁ ጋር ሊገጥም አይችልም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት ሱቅ ከፍቶ የተሳካለት ሰው የሚሰጣችሁ የትርፍ ስሌት፣ ባንክ ዶላሩን ከ60 ብር በታች ይመነዝር በነበረበት ጊዜ የተሠራ ነው። ፒያሳንና ካዛንችስን ከኮሪደር ልማቱ፣ ማለትም መንገድ ለማስፋትና ሰፈር ለማደስ ተብሎ ብዙ ነዋሪ ከተነሣበት ሥራ፣ በፊት የሚያውቅም እንዲሁ፤ ስለ ሰፈሩ ገበያ ሲያወራ የሚያስበው አብዛኛው ዛሬ በዚያ የማይኖረውን የቀድሞ ደንበኛ ነው።

አንድ ምክር ከተነገረበት ቦታ ጋር ምን ያህል እንደ ተሳሰረ በዳቦ ሥራ ላይ በግልጽ ይታያል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፣ ሊጥም ፈጥኖ ኩፍ ይላል። በፍራንክፈርት እንከን የማይወጣለት ዳቦ ይጋግር የነበረ ሰው ያንኑ የእርሾ መጠንና ያንኑ ሰዓት ይዞ አራት ኪሎ ላይ ቢጋግር፣ ሊጡ ምድጃ ሳይገባ ከልክ በላይ ይነፋል፤ ከገባ በኋላ ደግሞ መሀሉ ይሰረጉዳል። ጥፋቱም ብዙ ጊዜ በዱቄቱ ወይም በመብራቱ ይላከካል። እርሾውን ጥቂት ቀንሶ፣ ሊጡ የሚቆይበትን ጊዜ አሳጥሮ፣ የምድጃውን ሙቀት በመጠኑ ጨምሮ፣ ግን በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ እየለወጠ ውጤቱን በደብተር የሚመዘግብ ሰው የራሱን ልክ ያገኘዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የቤት ምድጃና ጥቂት ኪሎ ዱቄት ብቻ ሆኖ ሳለ፣ የዓመታት ቁጠባውን በማሽን ላይ አውጥቶ በኮንቴይነር ካስመጣ በኋላ የሚማረው ሰው መኖሩ ከልብ ያሳዝነኛል።

ኑሮውንም በዚሁ መንገድ ፈትኑት። ብዙዎቻችሁ የምትመጡት ለገና ወይም ለጥምቀት ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ እናንተም በእንግድነት ተከብራችሁ። በዚያ ሰሞን የታየች ከተማ የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርም ሌሊት ተነሥቶ ሮቶ መሙላትን አታሳይም። ስለዚህ ለሙከራ የምትመጡ ከሆነ በክረምት ኑ። ከዘመድ ቤት ወጥታችሁ በገዛ ወጪያችሁ ተቀመጡ፣ አስቤዛችሁን ራሳችሁ ሸምቱ፣ ሰው ወደ ሥራ በሚገባበት ሰዓት ታክሲ ተሳፈሩ፣ የወረዳ ጉዳያችሁንም ለሌላ ሳትሰጡ ራሳችሁ ጨርሱ። የቤት ኪራይ አዋጁ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚደነግግ ለሙከራው ወራት ቤት ከመከራየት ገስት ሃውስ ይሻላል። ዜግነት የለወጣችሁም ብትሆኑ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ፣ ያለ ቪዛ ገብታችሁ ያለ ሥራ ፈቃድ እንድትሠሩ ስለሚያስችላችሁ፣ ሙከራው ያን ያህል አስቸጋሪ አይሆንባችሁም። ከመሳፈራችሁ በፊት ግን የምትጠብቁትንና የምትሰጉበትን ጻፉ፤ ያልተጻፈ ግምት በኋላ ከደረሰው ነገር ጋር ይቀላቀልና ምን ተሳስታችሁ እንደ ነበር ለይታችሁ ማወቅ ያቅታችኋል።

በራስ ሙከራ የማይደፈሩ ጉዳዮችም እንዳሉ አበክሬ እናገራለሁ። የቤት ካርታ፣ የሊዝ ውል፣ ሰፊ ሥልጣን የሚሰጥ ውክልና፣ እነዚህን ከመፈረም በፊት የሕግ ባለሙያ ክፈሉ፤ በእነዚህ ላይ የሚደርስ ስሕተት በቀላሉ አይታረምም።

ትዳርና ልጆች ያላችሁ ደግሞ ብቻችሁን መጥታችሁ ያገኛችሁትን ውጤት ለቤተሰቡ ሁሉ አድርጋችሁ አትውሰዱት፤ ያን ጊዜ እናንተም ለባለቤታችሁ አንድ ተጨማሪ መካሪ ትሆናላችሁ እንጂ ከዚያ አታልፉም። በክረምት ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ለልጆቹ ሲባል ክፍል በሚጀመርበት ወቅት ሌላ ጉዞ ያስፈልጋል። ወጪው ይከብዳል፤ ቢሆንም ቤት ሸጦ፣ ሥራ ለቅቆ፣ ልጅ ከትምህርት አቋርጦ ከመጡ በኋላ መልሶ ከመሄድ እጅግ ያነሰ ነው።