ቀኑና ወሩ የተለዋወጠበትን ዓምድ ስለማስተካከል

ጠያቂያችን የሲኤስቪ ፋይል (እሴቶቹ በነጠላ ሰረዝ የተለያዩበት የሠንጠረዥ ጽሑፍ) ፓንዳስ በተባለው የፓይተን የመረጃ መተንተኛ መሣሪያ ሲጭኑ በአንድ ዓምድ ውስጥ ከፊሉ ትክክል፣ ከፊሉ ደግሞ ቀንና ወሩ ተለዋውጦ እንደመጣባቸው ገልጸው፣ «ዴይፈርስት» የተባለውን አማራጭ መጠቀም ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ ልምድ አይበቃም። ይህ አማራጭ ቀን እንዲቀድም ቅድሚያ ይሰጣል እንጂ አያስገድድም፤ 04/25/2021 ዓይነት ጽሑፍ ሲያጋጥመው ወሩን አስቀድሞ ያነበዋል።

ጉዳዩን አሳሳቢ የሚያደርገው ስህተቱ ድምፅ ሳያሰማ ማለፉ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የቀኑ ቁጥር ከ12 የማይበልጥባቸው 144 ቀኖች አሉ፤ እንደ 05/05 ያሉት 12ቱ በየትኛውም አነባበብ ያው ናቸው፣ የቀሩት 132 ግን በሁለቱም መንገድ ሲነበቡ በቀን መቁጠሪያ ላይ ያለ ቀን ስለሚሰጡ ፕሮግራሙ የሚጠራጠርበት ምክንያት የለውም። በ2023 ከወጣው 2.0 እትም በፊት ፓንዳስ እያንዳንዱን እሴት ለብቻው ይተረጉም ስለነበር፣ 03/04/2021 ማርች 4፣ 13/04/2021 ደግሞ ኤፕሪል 13 ሆነው በአንድ ዓምድ ይቀመጡ ነበር፤ የጠያቂያችን ችግርም ይህንኑ ይመስላል። አዲሱ እትም ቅርጹን ከመጀመሪያው ባዶ ያልሆነ እሴት ገምቶ ለመላው ዓምድ ይጠቀምበታል። ይህ ትልቅ መሻሻል ቢሆንም፣ ያ እሴት ራሱ አሻሚ ሲሆን ግምት ግምት ነው።

ስለዚህ ውሳኔው ለእያንዳንዱ ረድፍ ሳይሆን ለፋይሉ በሙሉ፣ በማስረጃ መሰጠት አለበት። እኔ ዓምዱን በመጀመሪያ እንደ ጽሑፍ አነብና በእዝባሩ (/) ከፋፍዬ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ክፍል ከፍተኛ ቁጥር አያለሁ። ከ12 የሚበልጠው የመጀመሪያው ብቻ ከሆነ ቀን ይቀድማል፤ ሁለተኛው ብቻ ከሆነ ወር ይቀድማል። ሁለቱም ከበለጡ ፋይሉ ከተለያዩ ምንጮች የተቀላቀለ ሊሆን ስለሚችል በየምንጩ መለየት ያስፈልጋል። አንዱም ካልበለጠ፣ ረድፎቹ በጊዜ ቅደም ተከተል የተመዘገቡ ከሆነ የትኛው አነባበብ ቅደም ተከተሉን እንደሚጠብቅ፣ ፋይሉ ከተዘጋጀበት ዕለት በኋላ የሚውል ቀን የሚያመጣውስ የትኛው እንደሆነ እመረምራለሁ። ፋይሉን ያዘጋጀውን ሰው መጠየቅ የሚቻል ከሆነ ግን ከዚህ ሁሉ ይሻላል። በዚያውም ፋይሉ በኤክሴል ተከፍቶ እንደገና ተቀምጦ እንደሆነ ይጠየቅ፤ ኤክሴል በኮምፒውተሩ የአካባቢ ቅንብር መሠረት ከፊሉን ወደ ቀን ቀይሮ የቀረውን ጽሑፍ አድርጎ ሊተወው ይችላል።

ቅርጹ ከታወቀ በኋላ «ፎርማት» በሚለው አማራጭ በግልጽ ይጻፍ፤ የማይስማማ እሴት ሲገኝም ጭነቱ በስህተት ይቁም። ያልተነበበውን ወደ ባዶ የሚቀይረውን «ኮኧርስ» መጠቀም ግድ ከሆነ፣ ከመቀየሩ በፊትና በኋላ ያሉትን ባዶዎች መቁጠርና ልዩነቱን መመልከት ያስፈልጋል። ውጤቱ ወደ ፋይል ሲመለስ አይኤስኦ 8601 በተባለው ዓለም አቀፍ የቀን አጻጻፍ ቅርጽ፣ ማለትም ዓመት፣ ወር፣ ቀን ተደርጎ ይጻፍ።

አሁን የተበላሸውን ዓምድ እዚያው በማገላበጥ ለማረም እንዳይሞክሩ አጥብቄ እመክራለሁ። የመነሻው ጽሑፍ በሠንጠረዡ ውስጥ ስለሌለ የትኛው እሴት እንዴት እንደተነበበ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ከመጀመሪያው ፋይል እንደገና ይጫኑት።